የአባ ዳመና መሻገር

በደብረ ማርቆስ፣ ከገበያው ከፍ ብሎ ባለው ሰፈር፣ መርዶ ነጋሪ ሲፈለግ መጀመሪያ የሚጠሩት አቶ ፈንታ ናቸው። መተዳደሪያቸው ወፍጮ ቤት ነው፤ የዕድር ዳኛም ናቸው። ሰፈሩ ግን ከዱቄታቸውም ከዳኝነታቸውም በላይ የሚያውቃቸው በዚህ ማንም በማይመኘው ሙያ ነው። መርዶ ወግ አለው። በማለዳ ነው የሚነገረው፣ ባለጉዳዩ ከቤቱ ሳይወጣ። አንድ ሰው ብቻውን አይሄድም። መንገድ ላይ አይነገርም፤ ማዕድ የቀረበለት ሰውም ሳይበላ አይነገረውም። በስልክ የሚያረዳ ሰው ደግሞ፣ አቶ ፈንታ እንደሚሉት፣ ሰው ከገደል አፋፍ ገፍቶ ዞር እንደሚል ነው፤ የሚወድቀውን የሚይዝበት እጅ የለውም።

እኚህ ሰው ነበሩ እንግዲህ፣ የገዛ ልጃቸው ሞቶ ለሁለት ጓደኞቹ መርዶውን መንገር ያቃታቸው።

የሺዋስ የመጨረሻ ልጃቸው ነበር። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ እስኪያገኝ አባቱን ወፍጮ ቤት ያግዝ ነበር። ለወፍጮው መለዋወጫ ሊገዛ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ የተሳፈረበት መኪና ዓባይ በረሃ ላይ ተገለበጠ። ከተሳፋሪው የተረፈ ነበር፤ እሱ አልተረፈም። የዚያን ዕለት ስልኩን ቻርጅ ላይ ረስቶት ነው የወጣው። እናቱ ወይዘሮ የብርጓል ስልኩን ይዘው «የሺዋስ፣ የሺዋስ» እያሉ እስከ አስፋልቱ ተከትለውት ነበር፤ ባጃጁ ቀደማቸው።

ስልኩ ውስጥ ጌም አለ። አቶ ፈንታ ጌሙን ያውቁታል። መብራት ሲጠፋ ወፍጮው ይቆማል፤ ወፍጮው ሲቆም የሺዋስ የጤፍ ጆንያ ላይ ጋደም ብሎ ስልኩን ያወጣል። መጀመሪያ መጀመሪያ «አንተ ጎረምሳ፣ እህል ያመጣች ሴት ቆማ አንተ ከጅብ ጋር ትታገላለህ?» ይሉት ነበር። ኋላ አጠገቡ ቁጭ ማለት ጀመሩ። ከዚያ ወዲያማ መብራት ሲጠፋ ከሁለቱ ማን ቀድሞ ደስ እንደሚለው አይታወቅም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተጫዋቹ ሁሉ አንድ ፈረሰኛ አለው። የሺዋስ የሱን እንደ ጥንት ጌቶች የፈረስ ስም አውጥቶ አባ ዳመና ብሎታል። ፈረሰኛው ሰፊ አገር ውስጥ ይዞራል፣ አውሬና ሽፍታ ይገጥማል፣ ባሸነፈ ቁጥር ጉልበቱ ይጨምራል። አገሩን ወንዝ ከፍሎታል። ከወንዙ ወዲህ ቀላል ነው፤ እዚህ የወደቀ ፈረሰኛ ትንሽ ቆይቶ መንደር ውስጥ ይነሳል። ከወንዙ ማዶ ግን ከባድ ነው፤ እዚያ የወደቀ አይነሳም። ስሙ ይሰረዛል፣ ያፈራው ሁሉ ይጠፋል፤ ባለቤቱ መጫወት ቢያምረው በሌላ ስም ከባዶ ይጀምራል። ድልድዩም ብቻውን ለመጣ አይከፈትም፤ የሚከፈተው ሦስት ሆነው አብረው ለቆሙ ባልንጀሮች ነው።

የአባ ዳመና ባልንጀሮች አባ ነብሮና አባ ብርዱ ይባላሉ። የሺዋስ በአካል አይቷቸው አያውቅም፤ አንዱ ጉንደ ወይን፣ አንዱ ዲማ እንደሚኖር ብቻ ያውቃል። ኔትወርኩ ድምፅ የሚሸከም አይደለምና የሚነጋገሩት በጽሑፍ ነበር። ዓመት ሙሉ የተጨቃጨቁበት ጉዳይ አንድ ነው፤ መቼ እንሻገር? አባ ብርዱ ችኩል ነው፣ ቢለቁት ያኔውኑ የሚሻገር። የሺዋስ ደግሞ የአባቱ ልጅ ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያለ ያስታግሰዋል፤ ጋሻችን ይጠንክር፣ መድኃኒት እናጠራቅም ይላል። በመጨረሻ ፋሲካ ሲያልፍ ሊሻገሩ ተስማሙ። «ማዶው ጮቄን ይመስላል ይላሉ፣ አባዬ፤ ጉም በጉም ነው አሉ» ብሏቸው ነበር አንድ ቀን፣ እንደ ሕፃን እየተቁነጠነጠ። መኪናው የተገለበጠው ሁዳዴ ሳይፈታ ነው።

ቀብሩ ሆነ፣ ለቅሶው ሆነ፣ አርባውም ወጣ። ወይዘሮ የብርጓል የልጃቸው ስልክ እንዳይጠፋ በየቀኑ መደርደሪያው ላይ ይሰኩት ነበር፤ ለምን እንደሚሰኩት የጠየቃቸው የለም። ያን ሰሞን ተቋርጦ የነበረው ኔትወርክ የተመለሰ ዕለት ስልኩ በራ። አባ ነብሮ ነው። «አባ ዳመና፣ የት ጠፋህ? ሰጋን እኮ» ይላል።

አቶ ፈንታ መነጽራቸውን አደረጉና «የሺዋስ» ብለው ጻፉ። የሚቀጥለውን ቃል ጣታቸው እምቢ አለ። እሳቸው፣ ፈንታ፣ በስልክ ሊያረዱ! አጠፉት። ሲያጠፉ ስክሪኑ ተነካና ጥግ ላይ ቆሞ የነበረው ፈረሰኛ ወደፊት ተራመደ። የሺዋስ ራሱ የመረጠለት ጥቁር ካባ በነፋስ ተነሳ። ከቀብሩ ወዲህ በዚያ ቤት ውስጥ የልጁ የሆነ ነገር ሲንቀሳቀስ ማየታቸው የመጀመሪያቸው ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«አለሁ። አሞኝ ነበር» ብለው ጻፉ።

መዋሸታቸው አልጠፋቸውም። መንገዱ ሲከፈት ሄጄ በወጉ አረዳቸዋለሁ ብለው ነው። መንገዱ ደግሞ በዚያ ጊዜ በጸጥታው ምክንያት ዛሬ ቢከፈት ነገ ይዘጋ ነበርና ሰበብ አልጠፋም።

እንዲህ ተጀመረ። ከሰዓት በኋላ የወፍጮው ሥራ ሲቀዘቅዝ እጃቸውን አራግፈው ይቀመጣሉ። ዱቄት የነካው ጣት ስክሪኑ ላይ አይሠራምና አስቀድመው በእርጥብ ጨርቅ ይወለውሉታል። አጨዋወታቸው ግን አያድርስ ነው። የሺዋስ በአንድ ውርወራ የሚጥለውን ጅብ እሳቸው ዙሪያውን ሲዞሩት ይውላሉ፤ ጅቡ ራሱ የሚሰለች ይመስላል።

አንድ አጉል ልማድም አመጡ። ባልንጀራቸው ሲወድቅ ጥለውት አይሄዱም። የጌሙ ሥርዓት ሌላ ነው፤ የወደቀው መንደር ውስጥ መነሳቱ ስለማይቀር የቀረው ፈረሱን ኮርኩሮ ራሱን ያድናል። አቶ ፈንታ ግን አስከሬን ጥሎ አይኬድም ሲሉ ያረጁ ሰው ናቸው። አባ ዳመናን ከፈረሱ ያወርዱትና ከወደቀው አጠገብ ያቆሙታል። ሽፍቶቹ ከበው እስኪጥሉት ድረስ እዚያው ይቆማል። በዚህ የተነሳ ያልወደቀበት ቀን የለም ማለት ይቻላል።

መጀመሪያ ላይ ባልንጀሮቹ ይጠይቁ ነበር። «ፋሲካ አለፈ እኮ፤ መቼ ነው?» ይላል አባ ብርዱ። «ትንሽ እንቆይ» ይላሉ አቶ ፈንታ። «ምን ሆነሃል? እጅህ ከበደ» ይላል አባ ነብሮ። «ሕመሙ አልለቀቀኝም» ይላሉ። ከዚያ ጥያቄው ቀረ። «እንዳመቸህ» ብቻ ይሉ ጀመር። አቶ ፈንታ ሐሳባቸውን እዚህ ላይ አላሳረፉትም፤ ልጆቹ ጨዋ ሆነው ነው ብለው ተዉት።

የሚፈሩት ነገር ግልጽ ነበር፤ ለራሳቸውም አልደበቁትም። አባ ዳመና ማዶ ከወደቀ ይሰረዛል። በሳቸው እጅ ደግሞ መውደቁ አይቀርም። ያ ልጅ ከነሳቁ፣ ከነጭቅጭቁ፣ ጆንያ ላይ ተጋድሞ የገነባው ነገር ይህ ብቻ ነው የቀረው። አንድ ጊዜ ቀብረውታል። ሁለተኛ በገዛ ጣታቸው ሊገድሉት ነው?

ክረምቱ ገብቶ ወጣ። መስከረም ላይ፣ አደይ ሜዳውን በሞላበት ሰሞን፣ አቶ ፈንታ ሌላኛውን ሜዳ፣ የጌሙን ሜዳ፣ ልብ ብለው አዩት። ባዶ ነው። ድሮ የሺዋስ ሲጫወት ፈረሰኛ ከፈረሰኛ የሚጋጭበት ቦታ ነበር። ሁሉም ተሻግሯል። የቀሩት ሦስት ናቸው፤ አባ ዳመና፣ አባ ነብሮ፣ አባ ብርዱ። ሁለቱ ጉልበታቸው ሞልቶ ተርፏል። ከእንግዲህ እዚህ አንድ መንጋ ጅብ ቢጥሉ ምንም አይጨምርላቸውም። ሚስት አግብቶ ልጅ የወለደ ሰው አንደኛ ክፍል ወንበር ላይ ጉልበቱን አጥፎ እንደተቀመጠ ሆነው በየቀኑ ይመጣሉ፣ ከአባ ዳመና ጋር ጅብ ያባርራሉ፣ ይሄዳሉ።

«እነዚህን የሰው ልጆች ያሰርኳቸው እኔ ነኝ» አሉ አቶ ፈንታ ድምፃቸውን አውጥተው።

ወይዘሮ የብርጓል ሰሙ። እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ስልኩ አንድ ቃል ተናግረው አያውቁም። የፈረስ ኮቴ ከስልኩ ሲሰማ ልጃቸው ጓዳ ያለ ስለሚመስላቸው፣ ሥራቸውን አቁመው ያዳምጡ ነበር እንጂ።

«አላረዳሃቸውም?» አሉ።

«አላረዳኋቸውም።»

«ሰው ሞቶበት ሳያውቅ ሲስቅ ማየት ኃጢአት ነው ትል የነበርክ አንተ አይደለህ?»

«ካረዳኋቸው ይሻገራሉ። ከተሻገሩ ያ ልጅ የለም፣ የብርጓል።»

ወይዘሮ የብርጓል ነጠላቸውን ሳብ አድርገው አፋቸውን ከደኑበት። «አሁንስ አለ?» አሉ።

መንገዱ የተከፈተ ዕለት አቶ ፈንታ የዕድር ወዳጃቸውን አቶ ገዳሙን ይዘው ወደ ጉንደ ወይን ተነሱ። አቶ ገዳሙ ነገሩ አልዋጥ ብሏቸዋል። ሚኒባሱ ውስጥ ጎንተል አደረጓቸው።

«እስቲ በእግዜር፣ ለጌም ጓደኛ መርዶ? ሰውየው ያለቅሳል ብለህ ነው?»

«ማልቀስ የሱ ነው። ማርዳት የኔ ነው።»

ማታውን የአቶ ገዳሙ ዘመድ ቤት አደሩና ጎህ ሲቀድ ወጡ። ያላቸው ምልክት አንድ ነው። አባ ነብሮ አንድ ጊዜ «ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ቆርቆሮና ሚስማር እሸጣለሁ» ብሎ ጽፎ ነበር። ሱቁ አልተከፈተም። በጎን ዞረው የግቢውን በር አንኳኩ።

የከፈቱት አንዲት ጎልማሳ ሴት ናቸው። በዚያ ሰዓት፣ ጋቢ የደረቡ ሁለት የማያውቋቸው ሽማግሌዎች ደጃቸው ላይ ቆመው ሲያዩ ምን ፈለጋችሁ አላሉም። እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ።

«ማነው? ወንድሜ ነው? ንገሩኝ፣ ወንድሜ ነው?»

አቶ ፈንታ መርዶ በነገሩበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ያለ ስህተት ሠርተው አያውቁም። ወጉን ሁሉ ጠብቀው ሲያበቁ፣ በቤቷ በሰላም የነበረችን እናት አስደነገጡ። «የእናንተ ሰው አይደለም። ቤታችሁ ደህና ነው፣ እመቤቴ» አሉ ተጣድፈው። «ሐዘኑ የኔ ነው። እዚህ ቤት የልጄ ባልንጀራ አለ፤ እሱን ላረዳ ነው የመጣሁት። በጌሙ አባ ነብሮ ይሉታል።»

ከሴትዮዋ ኋላ አንዲት ወጣት ፀጉሯን እንኳ ሳታስር ብቅ አለች። ልጃቸው ማርቲ ናት። አቶ ፈንታን ከእግር እስከ ራስ አየቻቸው።

«አባ ነብሮ እኔ ነኝ» አለች። «እርስዎ የአባ ዳመና አባት ነዎት።»

አቶ ፈንታ ጎልማሳ ነጋዴ ነበር የጠበቁት። ቢሆንም ወጉን አልተዉም። ቁጭ በይ ልጄ አሏት፤ ተቀመጠች። እናቷን አጠገቧ አስቀመጡ። የእግዜርን ሥራ አነሱ፣ የሰውን ልጅ አላፊነት አነሱ፣ ለስንቱ ቤት እንዳሉት አሉ። ከልጃቸው ስም ደርሰው ቀና ሲሉ ማርቲ ቀድማቸው እያለቀሰች ነው።

«እናውቃለን» አለች። «ከሰኔ ጀምሮ እናውቃለን።»

«ማን ነገራችሁ?»

«የሺዋስ ስንወድቅ ይስቅብን ነበር። ሳቁን ጽፎልን ነው ጥሎን የሚሮጠው፤ እኛም እሱን እንደዚያው። ታምሜ ነበር ብሎ ከተመለሰ በኋላ ግን ከፈረሱ ወርዶ አጠገባችን ይቆማል። እያየነው ይጥሉታል፣ ንቅንቅ አይልም። አባ ብርዱ ነው የነቃው። ጌቾ ይባላል፣ ዲማ የሚያስተምር ልጅ ነው። ‹ይሄ የሺዋስ አይደለም፤ ይሄ ቀብር የሚያውቅ ሰው ነው› አለኝ። ከዚያ ማርቆስ ሰው ልከን አጠያየቅን።»

«አውቃችሁ ነው ታዲያ ክረምቱን ሁሉ ከኔ ጋር...» አቶ ፈንታ አልጨረሱትም።

«ምን እናድርግ? እርስዎ አልነገሩንም። ያልተነገረ ለቅሶ እንዴት ይደረሳል? መጥተን እናውቃለን ብንልዎት ያንኑ የቀረዎትን አባ ዳመና እንዳንነጥቅዎት ፈራን። ጌቾ ‹ለቅሶ ቤት ጥለን የት ነው የምንሻገረው› አለ። እኛም ቁጭ አልን። ከርስዎ ጋር ለቅሶ ተቀምጠን ነው የከረምነው፣ አባባ።»

አቶ ፈንታ ልጃቸው ከሞተ ጀምሮ ሰው ፊት አላለቀሱም ነበር። የዕድር ዳኛ ናቸዋ። በልጃቸው ለቅሶ ላይ እንኳ ወንበሩ በቅቶ እንደሆነ፣ ድንኳኑ ዝናብ ያስገባ እንደሆነ ሲያዩ ነበር የዋሉት። አሁን በማያውቁት ግቢ፣ ከቆርቆሮ ክምር አጠገብ፣ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ አለቀሱ። የማርቲ እናት ሊያባብሉ ብድግ ሲሉ አቶ ገዳሙ በእጃቸው ከለከሏቸው። «ተዉት» አሉ። «እስከ ዛሬ ቆይቶ ነው።»

የማርቲ እናት ቁርስ ሳይቀምሱ አይሄዱም ብለው አስቀሯቸው። ሲሸኙ ማርቲ እስከ መናኸሪያው አብራ ሄደች። «አንድ ነገር ልንገርዎት» አለች። «አባ ዳመና መንደር ውስጥ ይቀመጥ። እኛ አዲስ የሚጀምር ሦስተኛ ፈልገን እንሻገራለን። ስልኩን በከፈቱ ጊዜ ያገኙታል፤ ማንም አይነካውም።»

አቶ ፈንታ እግዜር ይስጥልኝ አሏት። ከአቶ ገዳሙ ጋር ሚኒባስ ተሳፍረው ወደ ደብረ ማርቆስ ተመለሱ።

እሁድ፣ ቅዳሴው አብቅቶ ቤት ከገቡ በኋላ፣ አቶ ፈንታ ጣታቸውን በእርጥብ ጨርቅ ወለወሉ። ወይዘሮ የብርጓል አጠገባቸው መጥተው ተቀመጡ። ስክሪኑን ቀርበው ሲያዩት የመጀመሪያቸው ነው።

«ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው።»

«ካባው ያምራል» አሉ። «የት ልትወስደው ነው?»

«ማዶ። ዓመት ሙሉ የለፋው ማዶን ለማየት ነበር። እኔ ነኝ በር ላይ ያቆምኩት።»

«ይመለሳል?»

«በኔ እጅ አይመለስም።»

ወይዘሮ የብርጓል እጃቸውን ባላቸው ጉልበት ላይ አሳረፉ። «እንግዲያው ውሰደው» አሉ።

አቶ ፈንታ ቅዳሜ ማታ ጽፈውላቸው ነበርና፣ አባ ነብሮና አባ ብርዱ ድልድዩ ራስ ላይ እየጠበቁ ነበር። ማንም መቼ ነው ብሎ አልጠየቀም። አባ ዳመና መጥቶ መሐላቸው ሲቆም የድልድዩ በር ተከፈተ፤ ሦስቱ ጎን ለጎን ተሻገሩ።

ማዶው ጮቄን አይመስልም። ጉሙ አለ፤ ግን ዛፉ ሌላ፣ ድንጋዩ ሌላ፣ የሰማዩ መልክ ሌላ ነው። ይህንን የሠራ ሰው ጮቄን በዓይኑ አላየም። አቶ ፈንታ ይህንኑ ለልጃቸው ሊነግሩት አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። ወይዘሮ የብርጓል ዞር ብለው አዩዋቸው።

ጥቂት ሄዱ። ሁለቱ ፊት ፊት እየሄዱ መንገድ ያጠራሉ፣ አባ ዳመና ይከተላል። ጉብታ ወጡ፣ ጅረት ተሻገሩ። አቶ ፈንታ በልጃቸው ዓይን ለማየት እየሞከሩ ዛፉንም ውሃውንም ልብ ብለው አዩ። ከዚያ ከጉሙ ውስጥ ስሙን የማያውቁት አውሬ ወጣ። እንደ ወትሯቸው ዘገዩ። ጋሻውን አነሳለሁ ሲሉ ጦሩን አነሱ፤ ጦሩን እመልሳለሁ ሲሉ አባ ዳመና ከፈረሱ ወደቀ።

ተከታዮቹ አውሬዎች ከጉሙ ሲወጡ ይታያል። አቶ ፈንታ ጻፉ። «ሂዱ ልጆቼ። ሩጡ። እናንተም ትሰረዛላችሁ።»

አልሮጡም። ሁለቱም ከፈረሳቸው ወረዱ። አንዱ በራስጌ፣ አንዱ በግርጌ ቆመው ጋሻቸውን ወደ ውጭ አዞሩ። አውሬው መጣ፤ መለሱት። ሌላ መጣ። የአባ ብርዱ ጋሻ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ያ ችኩል ልጅ፣ ዓመት ሙሉ እንሻገር ሲል የከረመው፣ ከቆመበት ንቅንቅ አላለም። ጥቁሩ ካባ ከዳር እስከ ዳር ቀስ እያለ ደብዝዞ፣ ሣሩ ብቻ እስኪቀር ድረስ ቆሙ።

ከዚያ ጽሑፍ መጣ። «እግዜር ያጥናዎት» ይላል የአባ ነብሮ። ከሥሩ የአባ ብርዱ መጣ፤ «እትዬንም ያጥናልን»።

አቶ ፈንታ ጮክ ብለው አነበቡላቸው። ወይዘሮ የብርጓል በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ለቅሶ ለደረሰ ሰው እንደሚደረገው ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። አቶ ፈንታም ተነሱ። ቆመው «በእናንተ አይድረስ» ብለው ጻፉ። ቀጥለውም፣ «አሁን ሂዱ» አሉ።

ሁለቱ ፈረሳቸው ላይ ወጥተው ወደ ጉሙ ገቡ። ባልና ሚስቱ የኮቴው ድምፅ እስኪርቅ ድረስ ቆመው ሸኟቸው። ወይዘሮ የብርጓል ስልኩን ተቀብለው አጠፉትና፣ የዚያን ቀን ቻርጅ ላይ አልሰኩትም።